የመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን፦ ጠጥቶ በማሽከርከር ተከሶ ዳኛ ፊት ለሚቀርብ ወገን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ይህ ዝግጅት በኦሃዮ፣ በኮሎምበስና በዙሪያዋ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ እስከ ሞርስ ሮድ፣ ከኋይትሆል እስከ ሬይኖልድስበርግ ለምትገኙ ወገኖቻችን ነው። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በየቤቱ በሹክሹክታ ስለሚወራ ጉዳይ ነው። ጠጥቶ ሲያሽከረክር በፖሊስ የተያዘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን ይዞ፣ ምን አውቆ፣ ምን ብሎ መቅረብ አለበት?

ጉዳዩ በሹክሹክታ የሚወራው ስለሚያሳፍር ነው። የተያዘው ሰው ለቤተሰቡ ይደብቃል። ቤተሰቡ ቢያውቅ ከዘመድ ይደብቃል። ቀጠሮው ይደርስና ሰውየው ማንንም ሳያማክር፣ አንድ ወረቀት ሳያነብ፣ ዳኛ ፊት ብቻውን ይቆማል። በዚያች በጥቂት ደቂቃ የሚናገራት ቃል ግን ሥራውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ አንዳንዴም በዚህ አገር የመኖር መብቱን ልትነካ ትችላለች። ይህን ዝግጅት ያሰናዳሁት ለዚህ ነው። ጠጥቶ መንዳትን ለማቃለል አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ስለ እሱም እናገራለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምነግራችሁ ለጠቅላላ ዕውቀት የሚሆን ነው። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የየራሱ መልክ ስላለው የጠበቃን ምክር አይተካም። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ወንድማችንን እናስብ። የምሳሌ ሰው ስለሆነ ስም አያስፈልገውም። ቅዳሜ ማታ ሰርግ ቤት አምሽቶ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው። መስመር ላይ አራመዱት፤ ወደ ጣቢያ ወሰዱት፤ በመሣሪያ አስነፉት። ቁጥሩ 0.11 አለ። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት፣ ትኬት ሰጡት፣ መኪናው ተጎተተ፣ እሱን ጓደኛው መጥቶ ወሰደው። ትኬቱ ላይ የፊታችን ረቡዕ ፍርድ ቤት ቅረብ ይላል። እሑድ ጠዋት ራሱን እየፈለጠው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያንን ወረቀት ያያል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ምን ያድርግ?

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ የክሱን ስም ይወቅ። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ዲ-ዩ-አይ ሲባል የምንሰማው ክስ በኦሃዮ ኦ-ቪ-አይ ይባላል። ትርጉሙ በአልኮል ወይም በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ተሽከርካሪ ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ወሰኑ በትንፋሽም ሆነ በደም ምርመራ 0.08 ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት 0.02 ነው። ቁጥሩ 0.17 ሲደርስ ሕጉ እንደ ከፍተኛ ስለሚቆጥረው ዝቅተኛው የእስር ቅጣት እጥፍ ይሆናል። ቁጥር ባይኖርም ክሱ ሊቀርብ ይችላል። አልነፋም ያለ ሰው በፖሊሱ ምስክርነት፣ በአነዳዱና በአረማመዱ ሊከሰስ ይችላል። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሰክሮ ቁልፉን ይዞ በሾፌሩ ወንበር ላይ የተገኘ ሰውም አያመልጥም። ኦሃዮ ለዚህ ፊዚካል ኮንትሮል የሚባል ሌላ ክስ አላት። «መኪና ውስጥ ትንሽ ልተኛና እነዳለሁ» የምንል ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

ሁለተኛ፣ ይህ ትኬት እንደ ፍጥነት ትኬት በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ከፍለው የሚገላገሉት አይደለም። በኦሃዮ የትራፊክ ሥርዓት ኦ-ቪ-አይ የግድ ዳኛ ፊት ያስቀርባል። ቀጠሮውም ቅርብ ነው፤ ሕጉ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሰውየው በተያዘ ወይም ትኬቱ በተሰጠው በአምስት ቀን ውስጥ እንዲሆን ያዛል። ባይቀርብ ዳኛው የመያዣ ትእዛዝ ያወጣበታል። ከዚያ በኋላ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ በኋላ መብራት ብልሽት እንኳ ቢያስቆሙት እጁ በካቴና ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ታመምኩ፣ ሥራ ገባሁ፣ አፈርኩ ብሎ መቅረት የለም።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማይገባው ነው። በዚያች አንድ ሌሊት ሁለት ጉዳይ ተወልዷል። አንዱ ዳኛው የሚያየው የወንጀል ክስ ነው። ሌላው የመንጃ ፈቃድ እገዳ ሲሆን ፍርድ ሳይጠብቅ በዚያው ሌሊት ጀምሯል። ኤ-ኤል-ኤስ ይሉታል፣ አስተዳደራዊ እገዳ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ነፍቶ ከወሰኑ በላይ ከተገኘ እገዳው 90 ቀን ነው፤ አልነፋም ካለ አንድ ዓመት ነው። ፖሊሱ ይህን የሚገልጽ ቢ-ኤም-ቪ 2255 የሚባል ቅጽ ሰጥቶታል። ቅጹን ብዙ ሰው የትኬቱ ኮፒ መስሎት ይጥለዋል። አይጣል።

ይህ እገዳ ይግባኝ ይባልበታል፣ ግን ጊዜው አጭር ነው። ይግባኙ የሚቀርበው በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን፣ ወይም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። የሚታዩት ነጥቦችም የተወሰኑ ናቸው፦ ፖሊሱ ለመያዝ በቂ ምክንያት ነበረው ወይ? እንዲነፋ ጠይቆታል ወይ? መንፋትም ሆነ አለመንፋት ምን እንደሚያስከትል ነግሮታል ወይ? ሰውየው በእርግጥ እምቢ ብሏል፣ ወይስ ቁጥሩ ከወሰኑ አልፏል? እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ ሰው በዚያ ሌሊት ምን እንደተነገረውና ምን እንደገባው ሳይረሳው ለጠበቃው ቢጽፍለት ይጠቅመዋል።

ከሁሉ በላይ ግን፣ አድማጮቼ፣ ፍርድ ቤት እየነዱ እንዳትሄዱ። ሰው ፈቃዱ ታግዶ እያለ፣ መኪናውን አስለቅቆ፣ ራሱ እየነዳ ወደ ዳኛ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በዚህ እገዳ ላይ መንዳት ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው፤ ዝቅተኛ ቅጣቱም ሦስት ቀን እስር ነው። ወዳጅ ያድርሳችሁ። በክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ያላችሁ ሲ-ማክስ የሚባለውን የኮታ አውቶቡስ ይዛችሁ ዳውንታውን መውረድ ትችላላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ወንድማችን እሑድና ሰኞ ምን ያድርግ?

ወረቀቶቹን በሙሉ በአንድ ፖስታ ይሰብስብ፦ ትኬቱን፣ የእገዳውን ቅጽ፣ የትንፋሽ ምርመራውን ውጤት፣ የመኪናውን መጎተቻ ወረቀት። ትኬቱን በደንብ ያንብብ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የችሎቱ ክፍል ተጽፏል። በኮሎምበስ ከተማ ውስጥ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በፍራንክሊን ካውንቲ ሚዩኒሲፓል ፍርድ ቤት ነው፤ አድራሻው 375 ሳውዝ ሃይ ስትሪት፣ ዳውንታውን ነው። በዙሪያው ያሉ አንዳንድ ከተሞች ግን የራሳቸው ችሎት ስላላቸው ሰው የነገራችሁን ሳይሆን ወረቀቱ የሚላችሁን ተከተሉ።

ስሙን ያረጋግጥ። የእኛ ስም ከአባት ስም ጋር ሲጻፍ ይገለባበጣል፤ አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት መዝገብን በስም ወይም በቁጥር የሚፈልጉበት ድረ ገጽ አለው። በአንድ አጻጻፍ ስላጣው ብቻ «ክሱ ተሰርዟል» ብሎ እንዳይቀመጥ።

የሥራ ማስረጃ ይያዝ። ከአሠሪው ደብዳቤ፣ የሥራ ሰዓቱን የሚያሳይ ወረቀት፣ የመኪናው ኢንሹራንስ። ለምን? ዳኛው ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለመሳሰሉት ብቻ የሚያገለግል የተወሰነ የመንዳት ፈቃድ ሊሰጥ ስለሚችል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ይህ የሚቻለው ነፍቶ ከሆነ ከ15 ቀን በኋላ፣ አልነፋም ብሎ ከሆነ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማስረጃውን ቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ቀኑ ሲደርስ አይንከራተትም።

መኪናው በከተማው ኢምፓውንድ ከሆነ በየቀኑ የማቆያ ክፍያ ይቆጥራል። ሕጋዊ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይዞ ሄዶ ቶሎ ማስለቀቅ ነው።

የዚያን ምሽት ነገር ደግሞ ገና ትኩስ እያለ በአማርኛ ይጻፈው። ምን በላ? ምን ጠጣ፣ በስንት ሰዓት? ፖሊሱ ለምን እንዳስቆመው ምን አለው? መንገዱ እርጥብ ነበር ወይ? ጉልበቱን ወይም ወገቡን ያመው ነበር ወይ? በወረቀቱ አናት ላይ «ለጠበቃዬ» ብሎ ይጻፍና ለጠበቃው ብቻ ይስጠው። ፌስቡክ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ የማኅበር ቴሌግራም ላይ አንዲት ቃል አይጻፍ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስልክ ላይ የተጻፈ ደግሞ አይጠፋም።

ጠበቃን በተመለከተ፣ ከቻለ ከቀጠሮው በፊት በኦ-ቪ-አይ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ያነጋግር። አቅም ከሌለው ተስፋ አይቁረጥ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በጊዲየን ጉዳይ፣ በ1972 ደግሞ በአርጀርሲንገር ጉዳይ፣ እስር ሊያስከትል በሚችል ክስ ላይ ያለ ድኻ ሰው ያለ ጠበቃ ሊታሰር እንደማይገባ ወስኗል። በኮሎምበስ ይህን ሥራ የሚሠራው የፍራንክሊን ካውንቲ ፐብሊክ ዲፌንደር ነው። ገቢውን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ማመልከት ነው። የማመልከቻው ክፍያ 25 ዶላር ሲሆን ዳኛው ሊተወውም ይችላል። «የመንግሥት ጠበቃ ለመንግሥት ነው» የሚባለውን አትመኑ። ፐብሊክ ዲፌንደር በሙያ መሐላው የደንበኛው ጠበቃ ነው፤ የነገራችሁትንም ምስጢር ይጠብቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ቋንቋ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙዎቻችን የምንጎዳው እዚህ ላይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት አለው። በኦሃዮም መብቱ አለ። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የአስተርጓሚ ደንብ እንግሊዝኛው በቂ ላልሆነ ባለጉዳይ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲመድብ ያዛል። ለአማርኛ አስተርጓሚ ሰው መፈለግ ሊኖርበት ስለሚችል ቀድሞ ፍርድ ቤቱ ጋ ደውሎ መጠየቅ ይበጃል። በቀኑ ካልመጣም ዳኛው ፊት እንዲህ ማለት ነው፤ ከእኔ ጋር በሉት፦ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ»። ቀጠሮ ተለውጦ ሌላ ቀን ቢባሉ እንኳ ሳይገባችሁ ከመመለስ ይሻላል።

ልጃችሁን ወይም ጓደኛችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ደንቡም ፍርድ ቤቱ ዘመድና ወዳጅን ለአስተርጓሚነት ከመመደብ እንዲቆጠብ ያሳስባል። ልጅ የአባቱን ነገር ሲተረጉም ያፍራል፣ ያለዝባል፣ ይቆርጣል። ጓደኛም የራሱን ምክር ይቀላቅላል።

ከዚህ ጋር ሁለት የእኛን ልማዶች ላንሣ። አንደኛው «እሺ» የምትለዋ ቃል ናት። እኛ ለትልቅ ሰው፣ ለባለሥልጣን «እሺ» የምንለው በአክብሮት ነው፤ ሰምቻለሁ፣ አልናቅሁም ማለታችን ነው። ዳኛው «መብትህ ገብቶሃል? በዚህ ትስማማለህ?» ሲል አንገታችንን ነቅንቀን «የስ» ካልን ግን ተስማምተናል ማለት ነው፤ መዝገብ ላይም ይሰፍራል። ሁለተኛው ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለው ነው። እኛ እርስ በርስ እንግባባበታለን። ዳኛው ግን ደነገጠ ወይ አመመው ይላል፤ መቅረጫውም አይሰማውም። ስለዚህ ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» በሉ። የገባችሁን ደግሞ ድምፅ አውጥታችሁ መልሱ። አልገባኝም ማለት ድፍረት አይደለም፤ ዳኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ረቡዕ ደረሰ እንበል። ወንድማችን ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ቀደም ብሎ ይሂድ። በሩ ላይ እንደ አውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ ስላለ ሰልፍ ሊኖር ይችላል። ሴንጢም ሆነ ማንኛውንም ስለት ቤቱ ይተው። ስልኩን ያጥፋ። ጠዋት «ለድንጋጤ» ተብሎ አንዲት መለኪያ እንኳ እንዳይቀምስ። ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር አያውራ።

ይህ የመጀመሪያ ቀጠሮ አሬይንመንት ይባላል። ምስክር አይሰማበትም፤ የፍርድ ቀንም አይደለም። ዳኛው ወይም ማጅስትሬቱ ክሱንና መብቱን ያነብለታል፣ የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠይቀዋል፣ የዋስትናውንና የመንጃ ፈቃዱን ነገር ያያል። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በደቂቃዎች ነው።

የእምነት ክህደቱ ቃል ላይ ሦስት መንገድ አለ። «ጊልቲ» ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፤ ጉዳዩ እዚያው ወደ ቅጣት ይሄዳል። «ኖ ኮንቴስት» ጥፋቱን አላምንም፣ ግን በክሱ ላይ የተጻፈውን ፍሬ ነገር አልከራከርም ማለት ነው። በሌላ የፍትሐ ብሔር ክስ ማስረጃ አይሆንበትም፤ ዳኛው ግን በዚሁ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ሦስተኛው «ናት ጊልቲ» ነው።

የዛሬው ዝግጅቴ ልብ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች፣ «ናት ጊልቲ» ማለት ይከብዳቸዋል። «ጠጥቼ ነድቻለሁ፤ እንዴት ዳኛ ፊት ቆሜ እዋሻለሁ?» ይላሉ። ይህ ቅን ልብ ነው፤ ከአገራችን ልማድም የመጣ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከልብ መጸጸትን ከቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራል። ሽማግሌ ፊትም አጥፍቻለሁ ብሎ እግር ላይ የወደቀ ይማራል። በድሮው በላ ልበልሃ ችሎትም ቢሆን አንደበቱ የሰላ ባለጉዳይ ዳኛውን በቃሉ ይማርክ ነበር። ስለዚህ ወንድማችን ዳኛው ፊት ቆሞ ታሪኩን ሊዘረግፍ፣ ሊያለቅስ፣ ይቅርታ ሊለምን ይፈልጋል።

ነገር ግን በዚህ ችሎት «ናት ጊልቲ» ማለት «አልጠጣሁም» ብሎ መማል አይደለም። ትርጉሙ «ከሳሹ ያስረዳ፤ ማስረጃውን እኔና ጠበቃዬ እስክናይ ድረስ መብቴን አልለቅም» ነው። ወንድማችን ገና የፖሊሱን ካሜራ አላየም። መሣሪያው በደንብ መፈተሹን አያውቅም። ያስቆሙት በሕጋዊ ምክንያት መሆኑን ጠበቃ አልመረመረለትም። ዕውቀት ሳይኖረው የሚሰጠው ቃል እውነተኛ ቃል ሊሆን አይችልም። ንስሐ ለንስሐ አባት ነው፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ሕግንና ማስረጃን ነው። ጸጸቱም ቦታ አለው። ማስረጃው ታይቶ፣ ጠበቃ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተነጋግሮ፣ የቅጣት ቀን ሲመጣ ዳኛው ጸጸቱን ይሰማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ የ«ጊልቲ» ቃል በኋላ ለመመለስ እጅግ ከባድ ነው። በኦሃዮ የኦ-ቪ-አይ ጥፋተኝነት ከመዝገብ አይደመሰስም፤ አይታሸግም። ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ስለዚህ ጠበቃ ያላማከረ ሰው የሚላት አጭር ናት፦ «ናት ጊልቲ፣ ዩር ኦነር። ጠበቃ እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዝም ማለት። ምን ያህል እንደጠጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጋበዘው አይናገር። ሰዓቱም መቁጠር ይጀምራል። ይህ ክስ በ90 ቀን ውስጥ ለፍርድ መቅረብ አለበት፤ ይህን መብት ተው የሚል ወረቀት ሊሰጠው ስለሚችል ጠበቃ ሳያየው አይፈርም። ማስረጃ እንዳይታይ የሚጠይቅ አቤቱታ የሚቀርበው ከአሬይንመንቱ በኋላ በ35 ቀን ውስጥ፣ ወይም ከፍርዱ ሰባት ቀን አስቀድሞ፣ ከሁለቱ በቀደመው ነው። በዳኛ ብቻ ሳይሆን በስምንት ሰዎች ጁሪ ለመዳኘት ከፈለገም በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። በዚህ ሁሉ ምክንያት ጠበቃ ፍለጋውን ለሚቀጥለው ወር ማለት አይገባም።

በዋስ ሲለቀቅ ዳኛው ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችላል፦ አልኮል አትቅመስ፣ ያለ ፈቃድ አትንዳ፣ ተመርመር። ከችሎት ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ያንብብ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ስልኩ ላይና ግድግዳው ላይ ይጻፍ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዜግነት ያልወሰዳችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ጠጋ ብላችሁ ስሙ።

«ኖ ኮንቴስት» በኦሃዮ ጥፋትን ማመን ባይሆንም፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ቅጣት እስከተከተለው ድረስ እንደ ጥፋተኝነት ይቆጠራል። «አላመንኩም እኮ» ማለት እዚያ አይሠራም። የኦሃዮ ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ከአገር መባረር፣ መግባት መከልከል ወይም የዜግነት ጥያቄ መነፈግ ሊመጣ እንደሚችል ዳኛው እንዲነግረው ያዛል። ሲነበብላችሁ እንደ ተራ ልማድ አትስሙት። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲያ ጉዳይ፣ ጠበቃ ስደተኛ ደንበኛውን ስለ መባረር አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ፓዲያ በሆንዱራስ ተወልዶ በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጠበቃው ብዙ ስለኖርክ አትስጋ ብሎት ጥፋቱን አምኖ ነበር። ስለዚህ ጠበቃችሁን በግልጽ ጠይቁ፦ «ዜጋ አይደለሁም፤ ይህ ቃል ወረቀቴን ምን ያደርገዋል?»

አንድ ተራ ኦ-ቪ-አይ ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ብዙውን ጊዜ አያስባርርም። ዕፅ ከተቀላቀለበት ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2019 በተሰጠ የፌደራል ውሳኔም፣ ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ መልካም ጠባይ በሚመዘንበት ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፤ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም በእሱ ላይ ነው። በቪዛ ላይ ላለ ተማሪ ወይም ሠራተኛ መያዙ ብቻ ቪዛውን ሊያሰርዝበት ይችላል። ቲ-ፒ-ኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ያለው ደግሞ ሁለት ቀላል ወንጀል ከተመዘገበበት መብቱን ያጣል።

የትራክ ሾፌሮቻችንም አድምጡ። ሲ-ዲ-ኤል የሚባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በዕረፍት ቀኑ በቤቱ መኪና ጠጥቶ ሲነዳ ቢያዝና ጥፋተኛ ቢባል፣ በፌደራል ሕግ ሲ-ዲ-ኤሉ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ እገዳው ዕድሜ ልክ ነው። ዳኛው የሚሰጠው የተወሰነ የመንዳት ፈቃድም ለንግድ መኪና አይሠራም።

ወንድማችን ጥፋተኛ ቢባል ምን ይጠብቀዋል? ባለፉት አሥር ዓመታት የመጀመሪያው ከሆነ፣ ከሦስት ቀን እስከ ስድስት ወር እስር አለ። ሦስቱን ቀን ዳኛው በአሽከርካሪዎች የትምህርት ፕሮግራም ሊለውጠው ይችላል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ቅጣቱ ከ565 እስከ 1,075 ዶላር ነው። መንጃ ፈቃዱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይታገዳል፤ ስድስት ነጥብም ይመዘገብበታል። ቁጥሩ 0.17 የደረሰ ሰው በተወሰነ ፈቃድ መንዳት ከፈለገ ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ቢጫ ታርጋ ይለጥፋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያየዋል።

(ሙዚቃ፤ ዝግ ያለ)

አድማጮቼ፣ ወደ ማጠቃለያው ስንሄድ ከዳኛው ፊት ዞር ብለን መንገዱን እንይ። በ2013፣ ጁላይ 4 ቀን፣ ከኮሎምበስ በስተ ደቡብ በቺሊኮቲ አቅራቢያ አኒ ሩኒ የምትባል ጠበቃ ሰክሮ በሚነዳ ሰው ተገጭታ ሞተች። ቤተሰቦቿ ሐዘናቸውን ይዘው ሕግ እንዲሻሻል ታገሉ፤ በ2017 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በስሟ የአኒ ሕግ ይባላል። በዚህ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው፣ ሳይነፉበት መኪና የማያስነሣ ኢንተርሎክ የሚባል መሣሪያ አስገጥሞ እንዲነዳ ዳኛው ሊፈቅድለት ይችላል። የሚቆጠረው የቀድሞ ጥፋት ዘመንም ከስድስት ወደ አሥር ዓመት ተራዝሟል። ወንድማችን የሚቆምበት ሕግ በአንዲት ሴት ሞት ላይ የተሠራ መሆኑን ማወቅ አለበት።

መብትን መጠበቅና ጥፋትን መናቅ አንድ አይደሉም። ዳኛ ፊት «ናት ጊልቲ» ያለ ሰው በዚያው ሳምንት ስለ መጠጡ ምክር ሊጠይቅ፣ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ጠበቃውም ይህን ለዳኛው ሊያሳይለት ይችላል። ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ለሚስቱ ይንገር። ሐፍረቱ ሲገለጥ ይቀላል፤ ሲደበቅ ግን ሌላ ብርጭቆ ያስነሣል።

ደጋሾችም ድርሻ አለን። ጠጅ በብርሌ ሲቀዳ ጥንካሬውን ማንም አያውቅም፤ የአንዱ ቤት ከሌላው ይለያል። «አንዲት ብርሌ ናት» እያልን እንግዳችንን በግድ አናጠጣ። «በሞቴ» ብለን ከቀዳንለት፣ «በሞቴ ቁልፉን ስጠኝ» የማለት ግዴታም አለብን። በሰርግ አዳራሹ በር ላይ የሰው ቁልፍ ተቀብሎ የሚያስቀምጥና ኡበር የሚጠራ አንድ ዘመድ መመደብ ከድግሱ ወጪ ሁሉ ትንሹ ነው።

ዛሬ እሑድ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ያንን ትኬት ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን እየሰማኝ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ብቻህን፣ ብቻሽን አይደላችሁም። ወረቀቶቹን በአንድ ፖስታ አስገቡ። ቀኑን አትርሱ። ጠበቃና አስተርጓሚ ጠይቁ። አትንዱ። ዳኛው ፊት አጭር ተናገሩ። ከዚያም ወደ ቤት ተመልሳችሁ፣ ለምትወዱት ሰው እውነቱን በረጅሙ ተናገሩ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)